የሳግቦ ጡጦ

ወንድሜ ሳግቦ ከሞተ በኋላም ወተቱን ይጠጣ ነበር።

ይህን ብዬ ስጽፍ የልጅ ልጆቼ አንድ ቀን አንብበው "አያታችን ድሮም ጃጅታ ነበር እንዴ?" እንዳይሉኝ እሰጋለሁ። መስጋት ልማዴ ነው። ሲዘንብ ለጎርፉ፣ ሳይዘንብ ለጉድጓዱ እሰጋለሁ። ግን ያኔ፣ የወተት ጥርሴ በሚወላልቅበት ዕድሜ፣ ነገሩ ለእኔ እንደ ጀንበር መውጣት ያለ ነበር። ጠዋት እናቴ ጡጦውን ትሞላና ግድግዳው ላይ ካለችው መደርደሪያ፣ ከእንጨት ምስሉ እግር ሥር ታቆምለታለች። ከዚያ እኔና እሷ ወደ ጨው ቤት እንወርዳለን። ወደ ማታ ስንመለስ ጡጦው ታጥቦ ተደፍቶ ነው የምናገኘው። ታዲያ ማን ጠጣው?

መንደራችን ጄግባጂ በሐይቁና በባሕሩ መካከል ባለች ቀጭን መሬት ላይ የተቀመጠች ናት። በበጋ ሐይቁ ሲሸሽ መሬቱ ነጭ አቧራ ያወጣል። ሴቶቹ ያንን አፈር ይፍቁና በትልልቅ ቅርጫት ሞልተው ውኃ ያፈሱበታል፤ ከሥር የሚንጠባጠበውን ጨዋማ ውኃ ቀቅለው ጨው ያወጣሉ። እናቴ ዳንሲ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ጨው ቤት የምንለው ጣሪያው እስከ መሬት የወረደ የሣር ጎጆ ሲሆን ውስጡ ጭስና እንፋሎት ተደባልቆ ሰውን ከወገቡ በላይ ይሰውራል። እኔ ልጅ ስለሆንኩ የማየው የሴቶቹን እግር ብቻ ነበር። ድምፃቸው ከላይ፣ ከደመናው ውስጥ ይመጣል። ዛሬም ስለ ሰማይ ቤት ሲወራ የሚታየኝ ያ ጎጆ ነው።

እናቴ መንታ ወልዳ ነበር፤ ዚንሱንና ሳግቦን። ሳግቦ ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። ከመንታ አንዱ ሲሄድ በእኛ ዘንድ "ሞተ" አይባልም፤ "እንጨት ሊለቅም ጫካ ገባ" ነው የሚባለው። ቁመቱ ስንዝር የምታህል ምስል ከእንጨት ይቀረጽለታል። ለቀረው ልጅ የተደረገ ሁሉ ለእሱም ይደረጋል። ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ድርሻው ይቀመጥለታል። ከተዳላበት ይቀየማል፤ የተቀየመ እንደሆነ ደግሞ የቀረውን ወንድሙን ይጠራዋል።

እኔ ጫካ ገባ ሲሉኝ ጫካ ገባ ብዬ ይዤ ነበር። ከሐይቁ ማዶ፣ ሥራቸውን ውኃ ውስጥ የዘረጉ ዛፎች አሉ። ሳግቦ እዚያ ውስጥ ጭራሮ እየለቀመ ይውላል፤ እኩለ ቀን ላይ ሲጠማው በውኃው ላይ ተራምዶ ይመጣል፤ ወተቱን ይጠጣል፤ ጡጦውን አጥቦ ደፍቶ ይመለሳል። ጨዋ ልጅ ነው እል ነበር፤ እኔ እንኳ የበላሁበትን ቅል የማጥበው ተቆጥተውኝ ነው።

ጡጦዎቹን የላከልን አባታችን ነው። ኮንጎ አገር፣ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ባለችው ፑዋንት ኑዋር ከተማ፣ ዓሣ ሊያጠምድ እንደ አገሩ ወንዶች ሄዶ፣ የእናቴ ጡት እንደነጠፈ ሲሰማ በሸሚዝ ጠቅልሎ ላከ። ሁለት አንድ ዓይነት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ፣ ጎናቸው ላይ ቀይ መስመር የተደረደረባቸው። መጀመሪያ ሲመጡ ውስጣቸው ምንም ሳይኖር እንኳ የሚያበሩ ይመስለኝ ነበር። እኛ ቤት ከቅልና ከሸክላ በቀር ሌላ ዕቃ ብዙም አልነበረማ።

ዚንሱን ቀን የሚይዙት ታሲ ነበሩ። በእኛ ቋንቋ የአባት እህት ታሲ ትባላለች፤ ስማቸው ያዋ ነው፤ ግን አገሩ ሁሉ ታሲ ይላቸዋል። ወልደው ወልደው አንድም ያልቀረላቸው፣ ዓይናቸው መፍዘዝ የጀመረ፣ እጃቸው ግን ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሴት ናቸው። ለወንድማቸው ልጆች ሲሉ እሳት ውስጥ ይገባሉ። ለእኔም ቢሆን። አንዴ ውሻ ሲያባርረኝ በዚያ ዕድሜያቸው አጥር ዘለው ሲደርሱልኝ ትዝ ይለኛል።

አንድ ቀን እግሬን የኮኮናት ቅርፊት ስለቆረጠኝ ቤት ዋልኩ። ዛሬ ሳግቦን አየዋለሁ ብዬ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ምንጣፍ ላይ ተኝቼ፣ የተኛሁ መስዬ፣ በዓይኔ ሽፋሽፍት መሃል መደርደሪያዋን እጠብቃለሁ። ሙቀቱ ጆሮ ውስጥ እንደ ንብ ይጮሃል። በሣሩ ክዳን ቀዳዳ የገባው ብርሃን ጡጦውን ሲነካው ወተቱ ከውስጥ በራ። ውጭ ዶሮ እንኳ ትንፍሽ አትልም። ታሲ ዚንሱን ታቅፈው ያንጎራጉራሉ፤

"አንዱ ሲጠጣ ሌላው ይጠግባል፣
ወንድም የወንድሙን ድርሻ ያውቃል..."

ዓይኔ ከበደ። በሕልሜ ይሁን በእውኔ አላውቅም፣ ያ የእንጨት ልጅ እጁን ሲዘረጋ አየሁ። ጡጦው ከመደርደሪያው ተነሣ። ሲንሳፈፍ አየሁት። የሚጠባ ልጅ የሚያሰማው ያ የምላስ ድምፅ፣ ጭል፣ ጭል፣ ጆሮዬ ገባ። የረጋ ወተት ዓይነት ሽታም ሸተተኝ። ስነቃ ጡጦው ተደፍቷል፤ ታሲ ውጭ ጨርቅ ያሰጣሉ፤ ዚንሱ ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ከአፉ ጥግ ነጭ ነገር ይወርዳል።

"ታሲ፣ ሳግቦ መጥቶ ነበር?"

"መጥቶ ነበር እንጂ! ቤቱ አይደል እንዴ?" አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳይነቅሉ።

ከዚያ ወዲያ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

በጋው እየጠነከረ ሲሄድ ዚንሱ ታመመ። ተቅማጥ ያዘው። ለቀቀው ሲባል ይመለሳል፤ ተመለሰ ሲባል ይብሳል። እናቴ ጡጦዎቹን በጨው ቤቱ እሳት ላይ ትቀቅላለች፣ ውኃውን ትቀቅላለች፣ እጇን በአመድ ትታጠባለች። ምንም የለም። የልጁ ዓይን ወደ ውስጥ ገባ። አናቱ ላይ ያለችው ለስላሳ ቦታ ጎደጎደች።

"እየጠራው ነው፤" አሉ ታሲ። "ሳግቦ ነው። አጉድለንበት ይሆናል። ዳንሲ፣ የእሱን ጡጦ እስከ አፉ ሙዪው እስቲ።"

እናቴ እስከ አፉ ሞላችው። ዚንሱ ባሰበት። በማግስቱ ደግሞ እንደገና እስከ አፉ።

እኔ በልጅ ልቤ በሳግቦ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ እየጠጣ፣ ሳያስተርፍ እየጨረሰ፣ ምን ጎደለብኝ ብሎ ነው ወንድሙን የሚጠራው? ምስሉ ፊት ቆሜ "ስግብግብ!" አልኩት። ወዲያው ደግሞ ፈራሁና ልብሱን አስተካከልኩለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ላቁም። ልጄ ኤርሜሊን በቀደም ከኮቶኑ ከተማ ስትመጣ በፌስታል የታጨቁ አሮጌ ጡጦዎች ይዛልኝ መጣች። "እማ፣ ይቀመጡ ወይስ ይጣሉ? ለሚቀጥለው ልጅ ይሆናሉ እኮ፤ ካልሆነም ችግኝ ታፈዪባቸዋለሽ፤" አለችኝ።  አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሥቼ አየሁ፤ የደፈረሱ ናቸው፣ ብሩሽ የጫራቸው ናቸው። "ለልጅ አይሆኑም፤" አልኳት። "ስትጥዪም እንዳለ አትጣይ፣ ጫፉን ለብቻ ቁረጪ፣ ወገቡን ሰንጥቂ፤ አንዱ አንሥቶ ላምባ ይሞላበትና ሌላው ሕፃን ወተት ነው ብሎ..." "ኧረ እማ! አንቺ ደግሞ ከአንድ ፌስታል ስንት ሬሳ ታወጫለሽ!" ብላ ሳቀችብኝ። ትሳቅ። በመቀስ ሰነጣጥቄ ስጨርስ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ይህንን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚያ ሰበብ ነው።

እናቴ ዚንሱን አዝላ ወደ ዊዳ ጤና ጣቢያ ስትሄድ እኔ ዘንቢሉን ይዤ ተከተልኳት። ዘንቢሉ ውስጥ ሁለቱም ጡጦዎች አሉ። የአንዱ ዕቃ ከቤት ሲወጣ የሌላውም ይወጣል፤ ደንቡ ነው። በታንኳ ስንሻገር ውኃው ዝም ብሎ እንደ ብረት ተኝቶ ነበር። ሳግቦ የሚውልበትን ዛፍ ሥር ለሥር አየሁ፤ ጭራሮ እንኳ የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ታንኳ ቀዛፊው ዚንሱን አንድ ጊዜ አየውና ከዚያ ወዲያ ሰማይ ሰማዩን ብቻ እያየ ቀዘፈ።

ነርሷ ሌዮካዲ ትባላለች፤ ሰው ሁሉ ዳዳ ሌዮካዲ ይላታል፤ በእኛ ቋንቋ ዳዳ "እትዬ" እንደማለት ነው። የዚንሱን የሆዱን ቆዳ በጣቷ ቆንጥጣ ለቀቀችው። ቆዳው እንደተነሣ ቀረ፤ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

"ውኃ አልቆበታል። ጨውም አልቆበታል፤" አለች።

"ጨው?" አለች እናቴ። "ጨው ነው ያልሽኝ? እኔ ቤት?"

ዳዳ ሌዮካዲ የፈላ ውኃ አስቀርባ ስኳርና ጨው በጠበጠችበት፤ ቀመሰችው። "ከእንባ እንዳይበልጥ፤ ልክ የእንባን ያህል፤" አለች። በማንኪያ ጫፍ ከንፈሩ ላይ አንጠባጠበችለት። እየጠበቀች እንደገና። "እንዲህ ነው የሚሰጠው። ትንሽ፣ ትንሽ፣ ሳይቋረጥ። ቢተፋውም እንደገና። ሲያለቅስ እንባ ካወጣ ድኗል በይ። ካላወጣ..." አልጨረሰችውም።

ከዚያ ዘንቢሉን ከፈተች። አንደኛውን ጡጦ ወደ መስኮቱ አንሥታ አየች፣ አሸተተች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሁለተኛውን ግን ቶሎ አላስቀመጠችውም። የጎማውን ጫፍ በጣቷ አገላበጠችው።

"ይሄኛው የማን ነው?"

"የወንድሙ ነው፤" አለች እናቴ።

"ወንድሙ የት አለ?"

እናቴ የዚንሱን ልብስ አስተካከለች። እኔ ግን አፌ አላስቻለኝም። ወንድሜ ከሰው በታች ሲሆን ማየት አልፈለግኩም።

"ሳግቦ ጫካ ነው!" አልኩ። "ግን ቀን ቀን ይመጣል። አልታመመም። ወተቱን ሙልጭ አድርጎ ይጠጣል፤ ማታ ስንመለስ ጠብታ የለም! ጠዋት የተቀዳለትን ነው ታዲያ፤ ሲሸትም ይጠጣዋል!"

ዳዳ ሌዮካዲ እኔን አላየችም፤ እናቴን ነው ያየችው። ጡጦውን ያለ አንዳች ቃል አቀበለቻት። እናቴ የጎማውን ጫፍ አየችው። ጫፉ ተነክሷል፤ ጎን ለጎን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ያረፉበት ቦታ ይታያል። ዚንሱ ያወጣው ሁለት ጥርስ ነበር።

"እኔ እኮ መሬት ላይ የሚያፈሱለት ነበር የመሰለኝ፤" አለች እናቴ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። "ከእግሩ ሥር፤ እንደ ወጉ።"

"ቤት ማን ይውላል?"

"የባለቤቴ እህት።"

"ንገሪያቸው።"

"ምን ብዬ?" አለች እናቴ። "ምን ብዬ ልንገራቸው፣ ዳዳ?"

ይህን ንግግር ለዓመታት ስተረጉመው የኖርኩት በራሴ መንገድ ነው። እናቴ የደነገጠችው ሳግቦ ጥርስ በማውጣቱ መስሎኝ ነበር። እኔ እንኳ ገርሞኛል፤ ጫካ ውስጥ ሆኖ ከዚንሱ እኩል ጥርስ አወጣ ብዬ ኮራሁበት።

ዛሬ ነገሩ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ልብስ ያህል ግልጽ ነው። ታሲ ክፋት አላሰቡም። እሳቸው ባደጉበት ወግ የመንታ ድርሻ መሬት ላይ አይደፋም፣ ለሌላ ሰውም አይሰጥም። ባለቤቱ ካልበላው ባለ ሙሉ መብቱ መንትያው ነው። ታሲ በዚያ ሙቀት እስከ እኩለ ቀን ቆሞ የዋለውን ወተት፣ ዓይናቸው መርጋቱን ሳያይ፣ የወንድሙን ድርሻ ለወንድሙ ያጠጡ ነበር። ዚንሱ ሲታመም ሳግቦ ተቀይሟል ተብሎ ጡጦው ይሞላል፤ ጡጦው ሲሞላ ዚንሱ የሚጠጣው የተበላሸ ወተት ይበዛል። በፍቅርና በደንብ ልጁን ልንገድለው ነበር።

ቤት እንደገባን እናቴ ዚንሱን አልጋ ላይ አስተኝታ፣ ዘንቢሉን ከእኔ ተቀብላ፣ "ታሲ፣ ጡጦዎቹ ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት ይወጣሉ፤" አለች።

"ማን አለ?"

"ነርሷ። ፕላስቲኩ አርጅቷል። ይኸው ተጫጭሯል፣ ደፍርሷል። ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይገባል፤ ቢቀቀልም አይለቅም።"

ታሲ ጡጦዎቹን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሷቸው። "እኔ ምንም አይሻክረኝም። ደግሞ ያረጀ ሁሉ ይጣላል ካላችሁ እኔንም ሐይቅ ክተቱኝ። ለሚቀጥለው ልጅ ይቀመጣል እንጂ! ወንድሜ ከኮንጎ ድረስ የላከውን!"

"ለሚቀጥለውም አይሆንም።"

ጩኸቱን ሰምታ ጎረቤታችን አሲባ በበሩ ብቅ አለች። አሲባ ላምባ ቸርቻሪ ናት፤ ገና ሳትታይ ሽታዋ ይቀድማታል። "ከተጣሉስ ለእኔ ስጡኝ እንጂ!" አለች። "ያቺን ቀይ መስመር ባየኋት ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። በጣሳ ስለካ 'ጎደለ፣ አጎደልሽ' እያሉ ጨረሱኝ፤ በዚህ ብለካ ማን ይከራከረኛል?"

"ላምባ ጡጦ ውስጥ?" አለች እናቴ። "ነገ አንዱ ሕፃን አይቶ አፉ ውስጥ ሊከተው? ሂጂ አሲባ፣ ሂጂልኝ!"

"ወይ ጉድ! ጠየቅኩ እንጂ ሰረቅኩ?" ብላ አሲባ ወጣች። በሩ ጋ ዞራ፣ "ሰው ጨው ሲበዛበት እንዲህ ይሆናል፤" አለች።

ታሲ አልሳቁም። የሳግቦን ጡጦ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። "እሺ፣ የዚንሱን ጣይ። ነርሷ ካለች ጣይ። የሳግቦስ ምን አደረገ? እሱ አልጫረው፣ አልነከሰው። ጥርስ የለው!"

እናቴ አፏን ከፈተች።

ይህችን ቅጽበት ብዙ ጊዜ መላልሼ አይቻታለሁ። እጇን ዘርግታ ጡጦውን ከታሲ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። አውራ ጣቷ የጎማው ጫፍ ላይ፣ ልክ የጥርሶቹ ምልክት ላይ አረፈ። ከዚያ አፏን መልሳ ዘጋችው።

"ለአንዱ የተደረገ ለሌላውም ነው፤" አለች። "እርስዎ አይደሉም ያስተማሩኝ? የአንዱ ከወጣ የሌላውም ይወጣል። ከእንግዲህ ለሁለቱም ቅል ነው። የሳግቦ ደግሞ ንጹሕ ውኃ ብቻ፤ ማታ ማታ እኔ ራሴ አፈስለታለሁ።"

ታሲ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ልጅ ሆኜ እናቴን እንደዚያ ቀን ጠልቻት አላውቅም። በክርክር ተሸንፋ በጉልበት ያሸነፈች መሰለኝ። ለአንዲት ደካማ ሴት የማትራራ፣ ለገዛ ልጇ ወተት የምትነፍግ። ጡጦዎቹን ጠቅልላ ጣሪያው ማገር ላይ ስትሰቅላቸው ሳግቦን የሰቀለችው ያህል አለቀስኩ።

ቀጥሎ ያደረገችው ግን ለእኔም ግራ ገባኝ። ስኳርና ጨው የገባበትን ውኃ በጥብጣ፣ ቀምሳ፣ ማንኪያውን ከታሲ መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

"ትንሽ፣ ትንሽ፣ ሳይቋረጥ ብላለች። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ እጄ ይንቀጠቀጣል። ከእርስዎ በቀር የሚችለው የለም።"

"እኔ?"

"እርስዎ።"

ታሲ ማንኪያውን በጣታቸው ለኩት። ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። ዚንሱን ጭናቸው ላይ አስተካከሉና ጀመሩ።

እናቴ ጨው ቤት መውረዷን ተወች። የዝናቡ ወር እየቀረበ፣ ሌሎቹ ሴቶች እየተሯሯጡ፣ የእሷ ቅርጫት አፈሩን እንደያዘ ደረቀ። በሩ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ከታሲ እጅ አታነሣም። እኔ "ዘብ ቆማባቸው ነው" አልኩ። እውነትም ዘብ ቆማ ነበር። ታሲ ግን አላወቁም፤ "ዳንሲ፣ አንቺ ደግሞ ጋደም በይ፣ እኔ አለሁ" ይሏታል።

ዚንሱ ይተፋል፤ ታሲ ይጠብቁና እንደገና። ሲያለቅስ ድምፁ እንደ ደረቅ ቅጠል ነው፤ ፊቱ ይጨማደዳል፤ እንባ ግን የለም። ታሲ በየጊዜው ጉንጩን ይዳብሳሉ። ደረቅ። ማንኪያ። ደረቅ። ማንኪያ። እጃቸው ሲዝል ክርናቸውን በጉልበታቸው ይደግፋሉ እንጂ ማንኪያውን ለማንም አልሰጡም። ምስሉ ከመደርደሪያው ላይ ያያል። እኔ በሆዴ ሳግቦን እለምናለሁ፤ ጡጦህን ራሴ አወርድልሃለሁ፣ ብቻ አትጥራው እላለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከባሕሩ በኩል ነፋስ ገባና የሣሩን ክዳን አንሿሿው። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ እንደ ውኃ ተወዛወዘ። ዚንሱ ነቅቶ ጮኸ። ታሲ እንደ ልማዳቸው ጉንጩን ዳበሱ። እጃቸው ቆመ። ጣታቸውን አንሥተው ምላሳቸው ላይ አደረጉት፤ የአገራችን ሴት ሁሉ የጨው ውኃ እንደምትቀምሰው።

"ጨው አለው፤" አሉ።

እናቴ ከበሩ ተነሣች።

"ዳንሲ! ጨው አለው! ቅመሺው! ልጁ እንባ አውጥቷል!"

እናቴ ተንበርክካ የልጁን ጉንጭ በምላሷ ነካችው። ከዚያ ግንባሯን በታሲ ጉልበት ላይ አሳረፈች። እሳቸው ፀጉሯን እየዳበሱ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። "እኔ አላልኩሽም? እኔ አላልኩሽም?" ከዚያ በፊት ምን ብለዋት እንደነበር አላስታውስም፤ ምንም ያሉ አይመስለኝም።

ዚንሱ ዳነ። ታሲ አዳኑት ተባለ። መንደሩ ሁሉ አለ፤ አሲባ እንኳ ሽታዋን ይዛ መጥታ "እጅዎ ይባረክ" አለቻቸው።

ጡጦዎቹ ግን ማገሩ ላይ ቀሩ። ስለ እነሱ ምክሩ ገና አላለቀም ነበር፤ አንዷ ሐይቅ ውስጥ ይጣሉ ትላለች፣ ሌላዋ ይቃጠሉ፣ ታሲ ይቀመጡ። እናቴ አንድ ጠዋት አወረደቻቸው፣ የጎማ ጫፎቹን እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው፤ መጀመሪያ ያቃጠለችው የሳግቦን ነው። ባዶዎቹን ጨው ቤት ወሰደቻቸው። ጨዋማው ውኃ ለመቀቀል መድረሱን የምናውቀው የዘንባባ ፍሬ ጥለንበት ነው፤ ውኃው ቀጭን ከሆነ ፍሬው ይሰምጣል፣ ሲወፍር ይንሳፈፋል። እስከዚያ ድረስ በቅል ነበር የምናየው። እናቴ በየጡጦው አንዳንድ ፍሬ ከታ፣ ከሁለቱ ቅርጫቶች ሥር አቆመቻቸው። ውኃው እየተንጠባጠበ ሲሞላ ፍሬው ቀስ እያለ ተነሣ፤ መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ላይኛው ቀይ መስመር ወጣ። ሴቶቹ ከደመናው ውስጥ ጎንበስ ጎንበስ እያሉ አዩ።

"የዳንሲ ልጆች ሥራ ገቡ በሉኛ!" አለች አንዷ።

"እኩል ነው የገቡት፤" አለች እናቴ። ይህንኑ ቃል ማታ ለታሲ ነገረቻቸው። ታሲ ብዙ አሰቡና፣ "መቼስ ወንድ ልጅ ሥራ አይፈታም፤" ብለው ተቀበሉ። ፕላስቲኩ ነጭ እስኪሆንና እስኪሰነጠቅ ድረስ ብዙ በጋ አገለገሉ።

እኔ ነገሩን የገጣጠምኩት ወልጄ ሳጠባ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ኤርሜሊን ትንሽ ሆና፣ አንድ የሙቀት ቀን ጠዋት የቀዳሁትን ጡጦ ረስቼ እኩለ ቀን ላይ ከፈትኩት። ያ ሽታ ወጣ። ምንጣፍ ላይ ተኝቼ፣ በሽፋሽፍቴ መሃል የማውቀው ሽታ። ጡጦውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። የታሲ ዘፈን፣ የነርሷ ዝምታ፣ የእናቴ አውራ ጣት፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡ።

ከእናቴ ጋር ለመነጋገር ጊዜ ሳላገኝ ታሲ አረፉ። ቀብራቸው ትልቅ ነበር። ዚንሱ ያኔ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል ጎልማሳ ሆኗል። በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ፣ "እናቴ ወለደችኝ፤ ታሲ ደግሞ በማንኪያ እንደገና ወለዱኝ፤" አለ።  ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ልጄን እንዳዘልኩ ከእናቴ አጠገብ ቆሜአለሁ።  ይህ ሁሉ ሰው ሊያውቅ አይገባም? እሱስ ራሱ? ደግሞ ሌላዋ ሴት ነገ በሌላ ቤት ተመሳሳዩን ብታደርግስ? እኔ መቼም ሳልሰጋ አልውል።

ወደ እናቴ ጆሮ ጠጋ አልኩ። "እማ፣ ያኔ የሳግቦን ወተት..."

"ለሚያጠቡ ሴቶች ሁሉ ነግሬአለሁ፤" አለች፣ ዓይኗን ከአስከሬኑ ሳትነቅል። "ወተት አያቁሙ፣ ለሄደው ውኃ ይብቃው ብዬ ቤት ለቤት ዞሬአለሁ። የማን እጅ እንደነበር ግን ማንም አልጠየቀኝም።"

"ዚንሱስ?"

"ያን ማንኪያ የያዘው ማን ነበር?"

"ታሲ።"

"በቃ እንግዲህ።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና፣ ከእኔ አጠገብ ፈቀቅ ብላ፣ ለታሲ ከሚዘፍኑት ሴቶች ጋር ተቀላቀለች።